ከ600 ስንት አመጣ?

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ያውቃል። ማን ቤቱን ሊሸጥ ውል እንዳስጻፈ፣ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን ለሳዑዲ ፓስፖርቱን ኮፒ እንዳደረገ፤ ሁሉም እኔ መስታወት ላይ ተደፍቶ ያልፋል። ጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። አንድ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ወረቀት መብላት የምትወድ አንዲት ፕሪንተር። ሰው «እህቴ፣ ቶሎ በይ፣ ባጃጁ ቆሞብኛል» ይለኛል። ቶሎ እላለሁ። ያየሁትን አላወራም። ዛሬ የማወራው የራሴን ቤት ስለሆነ አይቆጠርብኝም።

የ2016 ጳጉሜን ነው የምላችሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቀቀ ሲባል ክፍሏ ጢም አለች። ሁሉም ስልክ አለው፣ ውጤቱ በቴሌግራም ቦትም ይታያል። ግን ቦቱ ተጨናንቆ ዝም ሲል ሰው «የኮምፒውተር ይሻላል» ብሎ ወደ እኔ ይሮጣል። ኢንተርኔቱ ያው ነው እኮ! ብነግራቸውም አይሰሙኝም። መለያ ቁጥር ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ፣ ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች። አምስት ስድስት ሰው አንገቴ ላይ ይተነፍሳል። አንዷ ልጅ «እህቴ፣ አንቺ አትዪው፣ ዙሪ» አለችኝ። በገዛ ኮምፒውተሬ! ዞርኩላት። ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁ። አስር ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ስንት እንዳመጣች እስከ ዛሬ አላውቅም።

የዚያ ዓመት አገር አቀፍ ቁጥር የታወቀ ነው። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ናቸው። 2014 ላይ 3.3፣ 2015 ላይ 3.2 ነበር። 2017 ላይ 8.4 ገባ። ዜና ላይ ስትሰሙት አንድ መስመር ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ሃያ ልጅ ይገባል፣ አንዱ እየዘለለ ይወጣል፣ አስራ ዘጠኙ የብር መልስ እስክሰጣቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ታናሽ ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ «ትንሹ» የምንለው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያግዘኝ ዋለ። የሰው ውጤት ያትማል። የራሱን አላየም። መለያ ቁጥሩን በቃሌ ስለማውቀው ቀድሜ ላየው እችል ነበር፤ እኔም አላየሁም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሲያልቅ በሩን ገርበብ አደረግን። «በይ እንግዲህ» አለኝ።

171 ከ600።

«እንግሊዝኛ ስንት ነው?» አለ። ነገርኩት። ባዮሎጂም ደህና ነበረች። ፊዚክሱን ሁለታችንም አየነውና ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ፕሪንተሯን አጥፍቶ፣ የቀረውን ወረቀት አስተካክሎ፣ «ለእማዬ አንቺ ንገሪያት» ብሎኝ ወጣ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከ2014 ጀምሮ ተማሪው የሚፈተነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው እያደረ ነው። ስልክ ክልክል ነው። ትንሹ የተፈተነው እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቤታችን እስከ ግቢው በባጃጅ አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እማዬ ግን በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፣ መርቃ፣ በር ድረስ ሸኝታ፣ አልቅሳ ነው የላከችው። ልጁ ድንበር የሚሻገር ነበር የሚመስለው። ሲመለስ የግቢውን ሽሮ ሲያማ ሰነበተ። አሁን ሰው «ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል?» ሲለው «አዎ፣ አድሬበታለሁ» ይላል።

ለእማዬ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ይልቅ ዋሸች። ከሰዓት ቡና ላይ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ጅማ ነን፣ ቡና ሳይፈላ የሚውል ቤት የለም። ሁሉም ከአቦሉ በፊት ይጠይቃል፦ «ትንሹ ከ600 ስንት አመጣ?» እማዬ «ገና አላየም፣ ኔትወርክ እምቢ ብሎት» ትላለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኔትወርክ እምቢ አለ! ልጇ የሚሠራው ውጤት የሚታይበት ቤት ነው። ጎረቤቶቻችንም ጨዋ ናቸውና «አይ የዘንድሮ ኔትወርክ» እያሉ ጠጡ።

ትንሹ ግን ሱቅ መምጣት አቆመ። ቀን ይተኛል፣ ማታ ስልክ ላይ ነው። ቡና ሲፈላ በጓሮ በር ይወጣል። እኔን ያናደደኝ 171ዱ አይደለም። መደበቁ ነው። ምክንያቱም ያንን የጓሮ በር እኔም አውቀዋለሁ።

እኔ የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ዘመን ሰው ነኝ። ያኔ ጥያቄው «ነጥብሽ ስንት ነው?» ነበር። በኤ፣ በቢ፣ በሲ ተሰልቶ ከ4 የሚወጣ ነጥብ። ያለፈው ፕሪፓራቶሪ፣ ያላለፈው ቴክኒክ። ያ ፈተና የመጨረሻው በ2011 ተሰጥቶ ቀረ፤ የዛሬ ልጆች አያውቁትም። እኔ በ2001 ተፈትኜ 2.14 አመጣሁ። ለፕሪፓራቶሪ አልበቃችም። አባዬ ያኔ በሕይወት ነበር። «ቴክኒክ የወደቀ የሚገባበት ነው» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚለው። አሁንም ይላል።

ገባሁ። ኮምፒውተር ጥገናና ኔትወርክ። ስልጠናው አልከበደኝም፣ እንዲያውም ወደድኩት። የከበደኝ ሲኦሲ ነው። ለማያውቅ፦ ሰልጥነሽ ስትጨርሺ የኮሌጁ ውጤት ብቻውን አይበቃም። የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ የጽሑፍም የተግባርም። የሚመዝንሽ ያስተማረሽ ሰው አይደለም። መጨረሻ ላይ ቁጥር የለም፣ ደረጃ የለም፤ ወይ «ብቁ» ወይ «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው።

የእኔ የተግባር ምዘና የኔትወርክ ገመድ ጫፍ መሥራት ነበር። ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ በተርታ መግባት አለባቸው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ስንት መቶ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የዚያን ቀን እጄ ተንቀጠቀጠና ሰማያዊዋንና አረንጓዴዋን አቀያየርኩ። መመርመሪያው ላይ መብራቶቹ በየተራ መብራት ሲገባቸው ተምታቱ። መዛኙ ምንም አላለኝም፣ ጻፈ ብቻ። ገና ብቁ ያልሆነች ሆኜ ወጣሁ።

አንድ ወር በጓሮ በር ተመላለስኩ። ከዚያ ድጋሚ ተመዝግቤ አለፍኩ። አሁን ያንን ተርታ ተኝቼም እላችኋለሁ። የመጀመሪያ ደንበኞቼ እኮ ኢንተርኔት ካፌዎች ነበሩ፣ ገመድ እየዘረጋሁላቸው። ኮፒ ማሽኑን የገዛሁት በዚያ ብር ነው። ዲግሪውንም በኋላ የቴክኒኩን ደረጃ 4 ይዤ በማታ ተማርኩት፣ ቀስ እያልኩ፣ ልጅ እየወለድኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና የሚባል ነገር ደረሰብኝ። 2015 ላይ ጀመሩት፤ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ 50 ካላመጣ ዲግሪ የለም። 54 አመጣሁ። አራቷን ነጥብ እንደ ወርቅ ነው የማያት።

ይህን ሁሉ ለትንሹ አልነገርኩትም። ያውቀዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሰማው ሰልችቶታል። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ቀስቅሼ «ተነስ፣ ወረቀትህን ይዘህ ና» አልኩት።

አራት ነገር ነበር ፊታችን። ሪሚዲያል፣ 12ኛን በግል ደግሞ መፈተን፣ የግል ኮሌጅ፣ ወይ ፖሊ ቴክኒክ። እማዬ አምስተኛ አላት፣ መምህራን ኮሌጅ። ትንሹ ከሁለት ልጅ ጋር አንድ ሰዓት መቀመጥ የማይችል ሰው ስለሆነ ያንን ወዲያው ተውነው። ለልጆቹ አዝነን ነው።

ሪሚዲያል በ2015 የተጀመረ ነው። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት ውስጥ ሻል ያሉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው አራት ወር ያህል የከበዳቸውን ትምህርት እንደገና ይማራሉ። ለተፈጥሮ ሳይንስ ከሆነ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። መጨረሻ ላይ ከመቶው 30ው ዩኒቨርሲቲው የሚይዝላቸው ነው፣ 70ው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና። 50ና ከዚያ በላይ ያመጣ ፍሬሽማን፣ ማለትም የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ይሆናል። ያላለፈ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። መቁረጫውን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያወጣል፤ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ይላል። የዚያን ዓመት መቁረጫ ሲወጣ 171 አልገባም።

ከእኛ ሦስተኛ በር ያለችው ልጅ ግን ገባች። እናቷ የጥሪ ማስታወቂያውን ልታሳትም መጣች። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። «ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ የ8ኛ ክፍል ካርድ ኦርጅናሉና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ…» የስፖርት ትጥቅ ላይ አስቆመችኝ። «ልትማር ነው ልትሮጥ?» አለች። የተመደበችው ሩቅ ነው፤ ሁለት ቀን መንገድ። እናትየው በር ላይ ቆማ ወደ ዩኒቨርሲቲው አቅጣጫ እያየች «ደጃችን ላይ እያለ!» አለች። ምርጫ መሙላት የተማሪው ነው፣ መመደብ የሚኒስቴሩ ነው። ልጅቷ አንደኛ ምርጫዋ ጅማ ነበረች። ለእናትየው ግን ይህን ማስረዳት አቃተኝ፤ ብርድ ልብስ የት እንደሚረክስ ነገርኳት።

(እግረ መንገዴን፦ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትም ወረፋ አላቸው። አዳማና አዲስ አበባ ያሉት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። አንድ ልጅ ከ600 ውስጥ 500 ምናምን አምጥቶ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ሊመዘገብ እኔ ጋ ተሰልፎ ነበር። ፊቱ ከወደቁት ፊት አይለይም።)

የግል ኮሌጁ ነገር ብሬን በላኝ። አንድ ቦታ ላይ «የ12ኛ ውጤት አያሳስብዎ፣ ዲግሪ ይጀምሩ» የሚል ማስታወቂያ አየን። ስሙን አልጠራም። ጥሩ የለበሰች ልጅ ቡና ጋበዘችን። መመዝገቢያ ከፈልን። ከዚያ እኔ ነገሩን ከኋላ አስቤ ጠየቅኩ፤ ከፊት ማሰብ ነበረብኝ። ለዲግሪ መግቢያው በግልም በመንግሥትም ያው ነው፦ ወይ 50 በመቶ፣ ወይ ሪሚዲያል ማለፍ። «እውቅናችሁን አሳዩኝ» አልኩ። ፍሬም የተደረገ ወረቀት አሳየችኝ። ሳነበው የሌላ ከተማ ካምፓስ ነው። ፈቃድ ደግሞ በጅምላ አይሰጥም። ለዚህ ካምፓስ፣ ለዚህ የትምህርት ዓይነት፣ ለመደበኛ ነው ወይ ለማታ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነው። አዲስ አበባ ያለው ፈቃድ ጅማ ላለው ክፍል ምንም አይሠራም። ብራችሁን መልሱ አልን። «መመዝገቢያ አይመለስም» ተባልን። ደረሰኙ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ስንት ሰው ደረሰኝ እኔ ጋ ኮፒ ሲያስደርግ እያነበብኩ የራሴን ሳላነብ ፈረምኩ።

የግል ኮሌጆች ሁሉ ሌቦች ናቸው አልልም። ደህና የሚያስተምሩ አሉ፣ እኔም የተማርኩት በግል ነው። ግን ፍሬሙን አንብቡት።

12ኛን በግል መድገም ትንሹ የሚፈልገው እሱን ነበር። ብዙ ልጅ የሚፈልገው እሱን ነው፤ አየሁትኮ። ዘንድሮ ያልመጣለት ለከርሞ ይመጣለታል ብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ቤት ይቀመጣል። አጥኚ ሳይሆን ጠባቂ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ስመለከተው በስድስትና በሰባት ነጥብ ከፍ ብሎ፣ ወይ ዝቅ ብሎ፣ እዚያው ነው። የሚሳካለትም አለ፤ አንዱን አውቃለሁ፣ ቀን ሊስትሮ እየሠራ ማታ እያጠና ደግሞ ገባ። እሱ ግን አልተቀመጠም።

«መድገም ትችላለህ» አልኩት። «ግን እየሠራህ ነው የምትደግመው። ቀን ቀን የት ትውላለህ?» መልስ አልነበረውም። እኔ ግን ነበረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሹ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሰፈሩን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠግናል። ያስተማረው ሰው የለም። የእማዬ ምጣድ ተቃጥላ ሠሪው ሦስት መቶ ብር ሲላት ገልብጦ፣ ሽቦዋን ቆጥሮ፣ የተቆረጠውን ቀጥሎ ሠራት። ከዚያ ጎረቤት ወሬ ሰማ። ሰኞ ሰኞ በራችን ላይ ምጣድ ይደረደራል። በፊዚክስ ያመጣውን ነጥብ ያየ ሰው ይህን አያምንም። ፊዚክሱ ላይ ስለ ሬዚስታንስ የተጠየቀውን ስቷል፤ ቤት ውስጥ ግን በጣቱ ይለካዋል። በእንግሊዝኛ ሲጠይቁት ነው የጠፋበት መሰለኝ።

ፖሊ ቴክኒኩ ሄድን። ኤሌክትሪክ ላይ ቦታ ነበረ። እማዬ ስትሰማ ከአባዬ አፍ የወጣውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገመችው፦ «ቴክኒክ እኮ…» አላስጨረስኳትም። እኛ ከተማ ላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሁሉም የሚመኘው ጅማ ዩኒቨርሲቲ መነሻው ምን ነበር? በፈረንጆቹ 1952 የተከፈተ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት። የአሜሪካኑ ኦክላሆማ ኮሌጅ ሰዎች የረዱት፣ ልጆች መሬት መቆፈርና መሣሪያ መያዝ የሚማሩበት። የዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የመጀመሪያ የኮሌጅ ተማሪዎች እንኳ ግቢያቸው እስኪሠራ እዚህ ነው የተማሩት። በኋላ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ በ1999፣ አሁንም በፈረንጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቴክኒክ ነበር እኮ! ይህን ለእማዬ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን እዚያ አላስገባችሁትም?» አለችኝ። ከእናት ጋር ክርክር እንዲህ ነው።

ለምዝገባ ወረቀት ስናዘጋጅ ጣጣ አልገጠመንም። ሌሎች ላይ ግን በየዓመቱ የማየው ጣጣ አለና እሱን ሳልጽፍ ባልፍ ደንበኞቼ ይታዘቡኛል። ስም ነው።

እዚህ ጅማ አንድ ስም በሁለት መንገድ ይጻፋል። ጫልቱ የሚለውን ስም ውሰዱ። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ በ«ሲ» ይጀምራል፣ ሁለት «ኤ» እና ሁለት «ዩ» አለው። በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ በ«ሲ ኤች» ይጀምራል፣ አንድ «ኤ»፣ አንድ «ዩ»። የ8ኛ ክፍል ካርድ በአንደኛው ይወጣል፣ የ12ኛው በሌላው። ለእኛ አንድ ልጅ ናት። ለመዝገብ ቤት ሁለት ሰው ናቸው። ሙሐመድና አሕመድማ አይነሳ፤ በስንት ዓይነት እንደተጻፉ ቆጥሬ ትቼዋለሁ።

አምና አንድ ኦቦ ከማና ወረዳ መጡ። ልጃቸው ኮሌጅ ልትመዘገብ ነው። ጠዋት መጥተው ኮፒ አስደረጉ፣ ሄዱ፣ ከሰዓት ተመለሱ። «ስሟ አይገጥምም አሉን» አሉ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንዲት «ኤ» ናት። ትምህርት ቤቷ ሄደው ደብዳቤ ማጻፍ አለባቸው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ማና ነው። ሐሙስ ነበር፣ ገበያ ቀን፣ ቡናቸውን ሳይሸጡ ነው የመጡት። «ለአንዲት ፊደል?» አሉኝ። ለአንዲት ፊደል። ኮፒውን በነጻ ሰጠኋቸው። ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ? ባለፈው ሳምንት ግን ልጅ 12ኛ ከሆነ ምን እንደሚደረግ ለአንዲት እናት ነግሬያታለሁ፣ ለእናንተም ልድገመው። ለፈተና ሲመዘገቡ ቅጹን ከ8ኛ ክፍል ካርዱ ጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል በጣታችሁ እየነካችሁ አስተያዩ። አምስት ደቂቃ ነው። በኋላ አንድ ወር ነው።

ትንሹ ኅዳር 2017 ጀመረ። መጀመሪያ አካባቢ ማንም እንዳያየው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይወጣ ነበር። ቱታውን በፌስታል ይዞ፣ እዚያ ሄዶ ይቀይራል። ምንም አላልኩትም።

የለወጠው የድርጅት ልምምዱ ነው። የቴክኒክ ስልጠና ከመቶው 30ው ክፍል ውስጥ፣ 70ው ሥራ ቦታ ላይ ነው ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ወረቀት ላይ እንደዚያ ነው፤ ሥራ ቦታ ከተገኘ። ብዙ ልጅ የሚቀበለው ድርጅት ያጣና ደብዳቤ ይዞ ከተማ ሲዞር ይከርማል። ደብዳቤዎቹን የማትመው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። አንዱ አስር ኮፒ ወስዶ በሳምንቱ ሌላ አስር ሊወስድ መጣ። ትንሹ ዕድለኛ ነው፤ አጎታችን አጋሮ መንገድ ላይ ባለ የቡና መፈልፈያ ዋና ሠራተኛ ነው። አስገባው።

ቡና በሚደርስበት ወቅት መፈልፈያ ሞተር ቢቆም ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? መኪና ይሰለፋል፣ ነጋዴው ይጮኻል፣ የደረቀው ቡና ደጅ ላይ ይቆለላል፣ ሰማዩ ደግሞ የጅማ ሰማይ ነው፣ አይታመንም። አንድ ማታ ሞተሩ ተቃጠለ። ትንሹ ከአንድ አዛውንት የሞተር ጠምጣሚ ጋር ሲሠራ አደረ። ጠዋት ሲመጣ እጁ በቫርኒሽ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ኪሱ የተቃጠለ የመዳብ ሽቦ ሞልቶ ነው። ቁርስ ሳይበላ ማስረዳት ጀመረ። ትልቅ ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ መጀመሪያ ስታር በሚባለው የሽቦ አያያዝ ያስነሱታል፣ ፍጥነት ሲይዝ ዴልታ ወደሚባለው ይቀይሩታል። በስታር ሲነሳ የሚስበው ከረንት የዴልታው አንድ ሦስተኛ ነው። የእነሱ ሞተር መቀየሪያው ተበላሽቶ በቀጥታ በዴልታ ሲያስነሱት ነው የከረሙት። እማዬ ፍርፍሩን ይዛ ቆማ ሰማችው። ምንም እንዳልገባት አውቃለሁ፣ እኔም ግማሹ ነው የገባኝ። ግን ልጁ ከጳጉሜ ወዲህ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲያወራ ሰምተነው አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቱታውን ከቤት ለብሶ ነው የሚወጣው።

አሁን ጥቅምት 2018 ነው። ሲኦሲው ቀርቦታል። 12ኛን ይደግም እንደሆነ ጠየቅኩት፤ «ከሲኦሲ በኋላ አየዋለሁ» አለ። ስልኩ ላይ ያንን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የነጻ ትምህርት ጀምሮ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ትቶታል። ሁሉንም አያደርግም፣ ሰው ነው። ሦስተኛ በር ያለችው ልጅ ሪሚዲያሉን 52 አምጥታ አለፈች፣ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት። ለዓረፋ መጥታ ሳለ ብርድ ልብሱ የት እንደደረሰ ብጠይቃት ተሰረቀ አለችኝ።

ትናንት ከሰዓት አንድ ልጅ መጣ። ቀጭን፣ የዩኒፎርም ሹራቡን አሁንም የለበሰ። ትራንስክሪፕቱን አምስት ኮፒ ፈለገ። ሁለተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ወጥቼ ባይ የጎረቤት ሁሉ በርቷል፣ የእኔ ብቻ ነው የጠፋው። ለትንሹ ደወልኩ። «ብሬከሩን እዪው፣ ከታች ሦስተኛው። ፕሪንተሯንና ማሽኑን አንድ ላይ አትሰኪ ብዬሽ አልነበር?» አለኝ። አየሁት፤ ወርዷል። መለስኩት፣ በራ።

ልጁ ሲሰማ ቆይቶ ኖሮ «ማነው?» አለኝ።

«ወንድሜ ነው። ፖሊ ኤሌክትሪክ ይማራል።»

«ስንት አምጥቶ ነው የገባው?»

«171።»

ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ አንስቶ አየው፤ እንደ አዲስ የሚያነበው መሰለኝ።

«የኔ እኮ በ12 ይበልጣል» አለ። «የት በር ነው የሚመዘገቡት?»